«አላለቀም» ያልኩሽ ሥዕል

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ያስቸገረኝ የኦስሎ ብርድ ብቻ ነው። አክስትሽ «እዚህ ድረስ መጥተሽ የሠዓሊውን የሙንክን ሥራ ሳታዪማ አትሄጂም» ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ሙዚየም ለሙዚየም ስታዞረኝ ከረመች። ጉልበቴን ታውቂው የለ!

መጀመሪያ የሄድነው ባሕሩ ዳር ወዳለው የሙንክ ሙዚየም ነው። 13 ፎቅ ሆኖ አናቱ ጋ ጎንበስ ያለ ሕንፃ ነው። ኤድቫርድ ሙንክ ሲሞት በእጁ የነበረውን ሥዕል በሙሉ ለከተማው ተናዞ ነው የሄደው። «ጩኸት»ን መቼም ታውቂያታለሽ፤ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ የሚጮኸው፣ እናንተ በስልክ የምትላላኩት ፊት። ሙዚየሙ ሦስት ዓይነት «ጩኸት» አለው፤ ብርሃን እንዳይጎዳቸው ተራ በተራ ነው የሚገልጧቸው። ከሦስቱ የቀለም ቅቧን በፈረንጆቹ 2004 የታጠቁ ሌቦች በጠራራ ፀሐይ ወስደዋት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እርጥበት ጥጓን ጎድቷት ተገኘች።

በ1893 የተሣለችው ሌላዋ «ጩኸት» ያለችው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ላይዋ ላይ ነጭ ጠብታ አለ። ስንት ዘመን የወፍ ኩስ ነው ሲባል ኖሮ፣ ሲመረመር የሻማ ሰም ሆኖ ተገኘ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ የምናቆምበት የኛ ጠረጴዛ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ግን ሌላ ሥዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ። «የታመመችው ልጅ» ትባላለች። ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ትልቅ ነጭ ትራስ ተደግፋለች። አጠገቧ ያለችው ሴት አቀርቅራ ፊቷ አይታይም። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ጠጋ ብለሽ ስታዪው ግን ጣት የለም፣ ድብልቅልቅ ያለ ቀለም ብቻ ነው። ሸራው ያረረ ድስት በማንኪያ እንደሚፋቅ ተፋፍቋል። ሙንክ ይቀባል፣ ይፍቃል፣ እንደገና ይቀባል።

ልጅቷ እህቱ ሶፊ ናት። በ15 ዓመቷ የሳንባ ነቀርሳ ነው የገደላት። እናታቸውም ቀድማ፣ እሱ ገና አምስት ዓመቱ ሳለ፣ በዚያው በሽታ ሄዳለች። በ1886 ሥዕሉን ለሕዝብ ሲያሳይ ተሳለቁበት። አላለቀም አሉት። እሱ ግን ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ መልሶ ሣላት፤ የመጨረሻዋን በ1927። አርባ ዓመት መሆኑ እኮ ነው! ሶፊ የሞተችበትን ወንበርም ዕድሜውን ሙሉ ከቤቱ አላወጣውም።

አክስትሽ «እንሂድ፣ ሊዘጉ ነው» ትለኛለች፣ እኔ አልሰማትም። አያትሽ ታመው ተኝተው ሳሉ በእርሳስ የሣልሻቸው ነው ፊቴ ድቅን ያለው። ሻሻቸው፣ የተጨማደደው ግንባራቸው፣ መቁጠሪያቸው ሳይቀር አለ። መቁጠሪያውን የያዘው እጅ ግን የለም፤ ጭረት ብቻ ነው። ምን አልኩሽ? «እጃቸውን ምነው ተውሽው? አላለቀም እኮ፣ ጨርሺው እንጂ።» ወረቀቱን አጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ ተውሽው። እኔ ደግሞ ቡና ላፈላ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እርሳስ ስታነሺ አላየሁሽም።

አሁን ሳስበው፣ ያኔ እጃቸውን ማየት ከብዶሽ ይሆን? ጠይቄሽ እንኳ አላውቅም።

ወረቀቱ አለ፣ አልጣልኩትም። ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከሐበሻ ቀሚሴ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለው እሱ ነው። አውጪውና እጥፋቱን አቃኚው፣ እጃቸውን ግን እንዳትነኪው። ሐሙስ ስገባ ፍሬም ቤት አብረን እንወስደዋለን። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ቡፌው ላይ፣ ጆሮው የተሰበረው ስኒ ውስጥ ነው።

እናትሽ