የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲታደሱ ከቀለም በፊት አሸንዳና ቦይ ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በመሀል አዲስ አበባ፣ በተለይ በፒያሳና በአካባቢው፣ ከመፍረስ የተረፉ አሮጌ ቤቶች ታድሰው ለምግብ ቤት፣ ለቢሮ፣ ለሥዕል ማሳያ ወይም ለቤተ መጻሕፍት ይዋሉ የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። እኛም ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ስለ «ለምን» የተነገረውን ያህል ስለ «እንዴት» አልተነገረም። በዚህም ምክንያት በቅን ልብና በብዙ ገንዘብ የታደሱ ቤቶች ጥቂት ክረምት እንዳለፈባቸው ልስናቸው ሲወርድ፣ ወለላቸው ሲጎብጥ እናያለን። ሙያችን በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ ቤቶችን መለካትና መጠገን ስለሆነ፣ የምናውቀውን በዝርዝር ለማካፈል ይህን ጽፈናል።

የስሕተቱ ሁሉ ሥር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። እድሳቱ የሚጀመረው መንገደኛ ከሚያየው ፊት ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ መብራት ይገጠማል። ጣራው፣ አሸንዳውና የግድግዳው እግር ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። ቤቱን ሳይነኩት መተው ከዚህ ይሻለው ነበር።

ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እስከ ጣልያን ወረራ ከተሠሩት ባለፎቅ ቤቶች የብዙዎቹ ምድር ቤት ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የድንጋይ ግንብ ነው። ከውጭና ከውስጥ ፊቱ የተስተካከለ ድንጋይ ይቆማል፤ መሀሉ በስብርባሪ ድንጋይና በጭቃ ይሞላል። ማያያዣው ጭቃ፣ አልፎ አልፎም ኖራ ነው። የላይኛው ፎቅ ብዙ ጊዜ በእንጨት ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። ዝናቡን ከዚህ ጭቃ የሚያርቁት ሰፊው በረንዳና ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚወርደው የቆርቆሮ ክዳን ናቸው። መንገድ ሲሰፋ በረንዳው ከተቆረጠ፣ ወይም በብሎኬት ተዘግቶ ክፍል ከሆነ፣ ግድግዳው ጥላውን ያጣል።

ጭቃና ኖራ እርጥበት ይጠጣሉ፤ መልሰውም ያወጡታል። የሲሚንቶ ልስን ግን ጠንካራና ግትር ነው። ግድግዳው በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰበሰብ አብሮት ስለማይሄድ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ውሃ በዚያች ስንጥቅ ይገባል፤ መውጫ ግን አያገኝም። ውስጥ ለውስጥ ጭቃው ይላላል፣ የእንጨቱ እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል፤ ከውጭ ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ማንም አያውቅም። ለማወቅ ግድግዳውን በጣት አንጓ ማንኳኳት ይበቃል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ልስኑ ከግንቡ ተላቋል። በፕላስቲክ ቀለም ሥር የሚወጣው ነጭ ዱቄትም ጨው ነው፤ እርጥበቱ ውስጥ እንደታፈነ ይናገራል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የቀድሞ የሲሚንቶ ልስን ሁሉ ይነሣ አንልም። የላላው ብቻ ይነሣ። ድንጋዩን አጥብቆ የያዘው በመዶሻና በመሮ ሲገፈፍ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳልና፣ ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ይሻላል።

እንግዲህ ሥራው ከላይ ይጀመር። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። የጣራው ስፋት 200 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በዓመት 240 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። በአንድ ኃይለኛ ዶፍ፣ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ ከ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በየሰከንዱ 2.8 ሊትር ገደማ ይወርዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀጭን ቱቦ ማውረድ አይቻልም። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መውረጃ ከ50 እስከ 60 ካሬ ሜትር ለሚሆን ጣራ አንድ ቢመደብ ይበቃል። አሸንዳው በየሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይዝቀዝቅ፤ መያዣ ብረቶቹ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራራቁ። መውረጃው ግድግዳው እግር ሥር እንዳያፈስስ እስከ ቦዩ ድረስ ይሂድ። አሸንዳ በግንቦት ካልተጠረገ የሰኔ ዝናብ በጀርባው ሞልቶ ወደ ግድግዳው ይገለበጣል።

ቀጥሎ መሬቱ ነው። መንገድ በተነጠፈ ቁጥር፣ የእግረኛ መንገድም በከፍታ በተሠራ ቁጥር፣ የአሮጌው ቤት ወለል ከደጁ በታች ይቀራል። በግድግዳው ጥግ ያለው አፈር ከውስጥ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይነሣ። ንጣፉ ከግድግዳው ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ይዝቀዝቅ፤ ከግንቡ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ደግሞ በሲሚንቶ ከመደፈን ይልቅ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የጠጠር መስመር ይተው። ጠጠሩ ሥር ቀዳዳ ያለው ቱቦ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ ወደ ከተማው ቦይ ይሂድ። ጉድጓዱ ግን ከቤቱ መሠረት በታች ፈጽሞ አይውረድ። የመሠረቱን ጥልቀት አስቀድሞ ለማወቅ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቆፍሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ መሠረቶች ከሚገመተው ያነሰ ጥልቀት ነው ያላቸው። ቁፋሮው በክረምት አይሁን፤ የግንቡ ርዝመትም ሁሉ በአንድ ጊዜ አይከፈት።

ውሃው ከተቆረጠ በኋላ ግድግዳው ለመድረቅ ጊዜ ይጠይቃል። በጥገና ሙያ የተለመደው ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ግንብ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ባለሀብት ይህን ያህል እንደማይጠብቅ እናውቃለን። መጠበቅም አይኖርበትም፤ ግድግዳው እየደረቀ ሥራ የሚያሠራ ልስን አለና። እሱም ኖራ ነው።

ስለ ኖራ ጥቂት እንቆይ፤ ሙያው እየጠፋ ነውና። ከምድጃ የወጣው የኖራ ድንጋይ በበርሜል ውሃ ውስጥ ሲጨመር ይፈላል። ሁልጊዜ ድንጋዩ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ድንጋዩ አይጨመር፤ መነጽርና ጓንትም ግዴታ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ በወንፊት ተጣርቶ፣ ላዩ በውሃ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀመጥ። በከረጢት የሚሸጠው የዱቄት ኖራም ይሠራል፤ ግን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይደር፤ ተከፍቶ ወራት የቆየ ከረጢት ደግሞ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ኃይሉን ስለጨረሰ አይገዛ። ድብልቁ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ ነው፤ ለመጀመሪያው ልባስ አጥሮ የተቆረጠ ጭድ ቢገባበት ስንጥቅ ይቀንሳል። ግድግዳው ቀድሞ በውሃ ይረጭ። የመጀመሪያው ልባስ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 10 ገደማ፣ ማለስለሻው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። በልባስና በልባስ መካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠበቅ፤ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከፀሐይ ይጠለል። በአንድ ቀን ወፍራም አድርጎ የጨረሰ ሰው በማግስቱ ስንጥቅ ያገኛል። ጥሩው ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ማታ ማታ መሸፈን አይረሳ። ላዩም በኖራ ውሃ ይቀባ እንጂ በፕላስቲክ ቀለም አይታፈን።

መሀሉ የተቦረቦረ ግንብ በኖራ ቅጥ (በሚፈስ ቀጭን የኖራ ድብልቅ) መሙላት ሲያስፈልግ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ለኖራ ግንብ የተጻፈው መመሪያ ቀዳዳውን አስቀድሞ በውሃ እጠቡ ይላል። ማያያዣው ጭቃ ከሆነ ግን ያ ውሃ ጭቃውን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ በጥቂቱ ማርጠብ ብቻ ነው፤ ቅጡ ከታችኛው ቀዳዳ ተጀምሮ ወደ ላይኛው እየተኬደ፣ ያለ ግፊት በራሱ ክብደት ይግባ፤ በቀን ከአንድ ሜትር ከፍታ በላይ አይሞላ።

ወደ ቤቱ ውስጥ ስንገባ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ብዙዎቹ ትልልቅ ቤቶች ለበርካታ ቤተሰቦች ተከፋፍለው ተከራይተዋል። አዳራሹ በችፑድና በጭቃ ግድግዳ ተከፍሏል። አዲስ ተከራይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው እነዚህን ክፍልፋዮች አፍርሶ አዳራሹን መመለስ ነው፤ ብዙ አደጋም የሚደርሰው እዚህ ነው። የላይኛው ወለል ተሸካሚ እንጨት በዓመታት ጎብጦ ለጭነት ያልታሰበው ክፍልፋይ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ክፍልፋዩ ሲነሣ ወለሉ ይከተላል። ስለዚህ ቅድሚያ ከሥር ድጋፍ ይቁም፣ ቀጥሎ የተሸካሚዎቹ ጫፍ ግንብ ውስጥ በገባበት ቦታ በወፍራም ጠመንጃ መፍቻ ይወጋ፤ ብዙውን ጊዜ የሚበሰብሱት እዚያ ነው። የበሰበሰው ጫፍ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ እንጨት በብሎን ይቀጠልበት፤ ሙሉውን መለወጥ አያስፈልግም።

ቤቱ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄም ከዚህ በኋላ ይመጣል። መኖሪያ ቤት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት ታስቦ ይሠራል። ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት እስከ 300፣ ሰው ቆሞ የሚሰበሰብበት አዳራሽ 500፣ መጽሐፍ የሚደረደርበት ማከማቻ 750 ኪሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ከተፈለገ መደርደሪያው ምድር ቤት፣ ማንበቢያው ፎቅ ላይ ይሁን። የጭፈራ ቤት በእንጨት ወለል ላይ ባይታሰብ እንመርጣለን። በዚህ ረገድ በከተማችን መልካም ምሳሌዎች አሉ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምንና ሙዚየሙን ሲያስተናግድ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እንዳለ ተጠብቋል፤ የራስ ብሩ ቤትም የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። በሁለቱም አገልግሎቱ ከክፍሎቹ ጋር ተስማማ እንጂ ክፍሎቹ አልፈረሱም።

ሽንት ቤትና ማዕድ ቤት ከጀርባ በሚሠራ ቀላል አዲስ ክፍል ይሰብሰቡ። የውሃ ቱቦ በጭቃ ግንብ ውስጥ ከተቀበረ ያፈሰሰ ቀን ማንም አያገኘውም። የኤሌክትሪክ መስመርም ግንቡ ሳይጠረብ በብረት ቱቦ ከላይ ይሂድ። በጥር 2007 በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ እንዳሳየን የእንጨት ቤት ከተያያዘ ፋታ አይሰጥም። ከኮርኒስ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከዳር እስከ ዳር የተገናኘ ከሆነ እሳት በዚያ ይሮጣልና በየክፍሉ ግድግዳ ልክ በጄሶ ሰሌዳ ይዘጋ።

በ2017 ከፈንታሌ አካባቢ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ግንብ አናት ላይ ዙሪያውን የኮንክሪት ቀለበት ማሰር እንደ መፍትሔ ሲቀርብ እንሰማለን። እባካችሁ ይቅር። እ.ኤ.አ. በ1997 በኢጣሊያ፣ በኡምብሪያና በማርኬ አውራጃዎች፣ በአሮጌ የድንጋይ ግንብ ላይ የተጫኑ ከባድ የኮንክሪት ቀለበቶችና ጣራዎች በመንቀጥቀጡ ጊዜ ከሥራቸው ያለውን ግንብ አፍርሰዋል። የሚሻለው ግድግዳውን ከወለሉና ከጣራው እንጨት ጋር በብረት ዘንግና ከግድግዳው ውጭ በሚገጠም የብረት ሰሌዳ ማሰር ነው፤ የዘንጉን ውፍረትና ርቀት መሐንዲስ ለየቤቱ ያስላ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ሲጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ሰጪዎችን የምንለምነው ከፊት ገጽታ ሥዕሉ ጋር ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ነው፦ የእያንዳንዱ ክፍል ልክ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተለክቶ የተሠራ ፕላን፣ የጣራና የደጅ ውሃ የሚሄድበት ሥዕል፣ እንዲሁም በስንጥቆች ላይ በጄሶ ተለጥፎ ቀን የተጻፈበት ቀጭን መስታወት ከበጋ እስከ ክረምት ምን እንዳሳየ የሚገልጽ መዝገብ። መስታወቱ ከተሰበረ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።

አሠሪዎች ደግሞ ይህን ሥራ በጥቅል ዋጋ አይዋዋሉ። ልስን ሥር ያለው ሳይታይ ጥቅል ዋጋ የሰጠ ኮንትራክተር ብልሽት ሲያገኝ መልሶ ለመሸፈን ይገደዳል። ክፍያው በተሠራው ሥራ ልክና በነጠላ ዋጋ ይሁን፤ ላልታየው ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ይያዝ። በውሉ ውስጥም ግንበኛው ከግድግዳው አንድ ካሬ ሜትር በኖራ ለስኖ እንዲያሳይና ያ ናሙና አንድ ወር ቆይቶ በጣት አንጓ ተንኳኩቶ ከታየ በኋላ ብቻ የቀረው እንዲቀጥል ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአሮጌ ቤቶች ጥገና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ