ላፕቶፕ ስትገዙ ራሙን አስቀድሙ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለትምህርትና ለቀላል ጌም ላፕቶፕ የሚገዙ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች መረጃ ለጊዜው የሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ ነው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስል የሚሆነውን ከዚያው ራም ቆርሶ ይወስዳል፤ ስለዚህ 8 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል፣ ጌሙም ይቆራረጣል። 16 ጊጋባይት ይሻላል። ይህም በሁለት ባለ 8 ጊጋባይት የራም ካርዶች ሲሆን ደግሞ መረጃው በሁለት መስመር ስለሚመላለስ ጌሙ ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ይፈጥናል። ራሙ ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ከሆነና ተጨማሪ የራም ማስገቢያ ከሌለው በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ይህን ሳትጠይቁ አትግዙ።

ፋይሎች የሚቀመጡበት ማከማቻ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዓይነት) ይሁን። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ማከማቻ ከሆነ ተዉት፤ ቀርፋፋ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አይቀየርም። ያገለገለ ከሆነ ከዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት አውጡ፤ አሁን የሚይዘው ከመጀመሪያው አቅሙ 60 በመቶ ካልደረሰ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ