የለቅሶ መልእክት በሰላምታ መሀል እንዳይጠፋ

ውድ የእድራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሐሙስ አንዲት እናታችን ቀብር አመለጣቸው። የሞተችው ለብዙ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤታቸው ናት። መልእክቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ተለቋል። ግን እስኪነጋ ድረስ ስንት "መልካም ቀን" እና የአበባ ፎቶ ተደራረበበት! እሳቸው ስልካቸውን ሲከፍቱ አበባውን አዩ፣ ለቅሶውን አላዩም። አመሻሽ ላይ አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዙ ወርደው ነው ሰው የነገራቸው። ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ አንጀቴን በሉት።

ስለዚህ ከግሩፑ ሌላ ቻናል ከፍተናል። ቻናል ላይ የሚጽፉት አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ናቸው። ለቅሶ፣ መዋጮ፣ ስብሰባ እዚያ ይወጣል። ግሩፑ ለጨዋታና ለሰላምታ ይቆይ፤ እሱም ያስፈልገናል።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ መለጠፍም ይቅር። ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ በኋላ ሲፈልጉት አይገኝም፤ ዳታም ይበላል። ስም፣ ቦታና ሰዓት በአጭሩ ይጻፍ።

አንድ አደራ አለኝ። የታመመ አባላችንን የሐኪም ወረቀት ያለ ፈቃዱ አትለጥፉ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ያዛል። አዋጁ ባይኖርም የሰው ገመና ነው።

ጥሩምባው አይቀርም። ቴሌግራም የሌለው ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ፣ መልእክቱን እንዳያችሁ በሩን አንኳኩለት።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ሐዋሳ