ምስማሩን ከመንቀላችሁ በፊት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ትንሿስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ሌላ ነገር የለም።

የምጽፍልሽ የእሁዱ ወሬሽ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በስልክ ስነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትያለሽ፤ ስንዘጋው ትረሽዋለሽ። ወረቀት ግን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

እንግዲህ የቢሾፍቱው ጓሮ ክፍት ስለሆነ የጎረቤት ፍየል ቆስጣሽን ጨረሰችው። አንድ ሰውዬ ደግሞ 15 ፓሌት፣ ያ ዕቃ የሚጫንበትን የእንጨት ርብራብ፣ በርካሽ ሊሰጣችሁ ነው። ባለቤትሽም ቅዳሜ አጥሩን ሊጀምር ነው። ደስ ብሎኛል። ሳቄም መጥቷል። የኛን የፓሌት አጥር ጓደኞችሽ እንዳያዩብሽ ከአስፋልቱ ላይ ትሸኛቸው የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?

ይሁን። 22 ዓመት ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ፤ ፓሌት አውቃለሁ። በመጀመሪያ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት። አዎ፣ ፓሌት ይነበባል። በዕቃ ተጭኖ ድንበር የሚሻገር ፓሌት ጎኑ ላይ ማኅተም አለው። በእሳት የተተኮሰ ወይም በቀለም የተመታ አራት ማዕዘን ነው። በግራ በኩል የስንዴ ዛላ ተስሏል። ከጎኑ የአገሩ ሁለት ፊደል፣ የፋብሪካው ቁጥር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሁለት ፊደል አለ። አንቺ የፈረንጅ ፊደል የለየሽው እኮ በእሱ ነው። «ሲ ኤን ቻይና፣ አይ ኤን ህንድ፣ ቲ አር ቱርክ» እያልሽ አጥሩን በጣትሽ እየነካሽ ከዳር እስከ ዳር ትሄጂ ነበር። ይህ ሁሉ እንጨት ባሕር አቋርጦ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ እኛ ጓሮ መቆሙ እኔንም ይገርመኝ ነበር።

ለእናንተ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ሁለት ፊደል ነው። «ኤች ቲ» ካለ በሙቀት የታከመ ነው። የእንጨቱ ልብ ድረስ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ አግኝቷል ማለት ነው። ሕጉ በ2002 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ ዓለም አቀፍ ሕግ ነው። የአንዱ አገር ነቀዝና ጥንዚዛ በእንጨት ተደብቆ የሌላውን አገር ደን እንዳይጨርስ የታሰበ ነው። «ኤም ቢ» ካለ ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል ጋዝ የታጠነ ነው። ጋዙ ለሰው መርዝ ነው። የኦዞን ሽፋንንም ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀንስ ከተደረጉት አንዱ ነው። እሱን ለጎመን መደብ እንዳትጠቀሙበት። ሰባራውንም ምድጃ ውስጥ እንዳትከቱት። ማኅተም የሌለው ከሆነ ምን እንዳለፈበት አይታወቅም፤ ለአትክልት አይሁን።

ደግሞ አሽቱት። ማኅተሙ እንጨቱ እንዴት እንደታከመ ይነግርሻል እንጂ ምን እንደተጫነበት አይነግርሽም። እኔ አንድ ጊዜ ከምናለሽ ተራ ስድስት ገዛሁ፤ አንደኛው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት። «ዘይት ነው» አለኝ ሻጩ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ግቢው በሙሉ የተባይ መድኃኒት ሸተተ። አውጥቼ ጣልሁት። እናንተ ነጠብጣብ ያለበትን ዝም ብላችሁ መልሱለት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። «ኤች ቲ» የሚለውን ሳይ እንጨቱ ከእንግዲህ አይበላም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሙቀቱ የሚገድለው ያን ጊዜ ውስጡ የነበረውን ነው። ነገ የሚመጣውን ምስጥ የሚከለክል ምንም ነገር እንጨቱ ላይ አይቀርም። እኔ ግን ፓሌቶቹን አፈሩ ላይ አቁሜ፣ ታች አፈር መልሼ፣ በእግሬ ረግጬ አጠበቅኋቸው። አረንጓዴ ቀለም ቀባሁ። አማረልኝ። ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ጃኬቴን ላንጠለጥል ጣውላውን ጫን አልሁት። አውራ ጣቴ ደረቅ ዳቦ ውስጥ እንደገባ ገባ። ከላይ ቀለሙ ብልጭ እንዳለ ነው። ውስጡን ግን ምስጥ በልቶ በቦታው አፈር ሞልቶበታል። አጥሩን ያቆመው ቀለሙ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚህ እንጨቱ መሬት አይንካ። ቋሚውን ብረት አድርጉት፤ አንግል ብረት ይበቃል። ፓሌቱን በብሎን እሱ ላይ እሰሩት። ታቹ ከመሬት ቢያንስ አንድ ጋት ከፍ ይበል። ዶሮ በዚያ ሾልካ እንዳትገባ ድንጋይ ደርድሩበት። ድንጋዩ ሌላም ጥቅም አለው። ምስጥ ወደ እንጨቱ መውጣት ሲፈልግ የጭቃ መንገዱን በድንጋዩ ላይ ይሠራል። ያን ጊዜ ታዪዋለሽ፤ በመጥረጊያ ትጠርጊዋለሽ። አፈር ውስጥ በተቀበረ እንጨት ግን ቀድሞሽ ይጨርሳል።

የእናንተ ሰፈር መሬት ደግሞ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ጥልቀት የሌለው ቋሚ በአንድ ዓመት ዘመም ይላል። 70 ሳንቲም ቆፍሩ። ከታች ጠጠር ጣሉ፣ ከዚያ ሲሚንቶውን አፍስሱ። ቱንቢ ከጎረቤት ተዋሱ። ባለቤትሽ «በዓይኔ ልክ ነው» ካለሽ አትመኚው፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

የተቃጠለ ዘይት ቀቡት የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ቀብቼዋለሁ። ዝናቡ እያጠበ ወደ ጎመኑ መደብ አወረደው። እናትሽ ጎመኑን በሙሉ ነቅላ ጣለችው፤ ሦስት ቀንም አላናገረችኝም።

ስፋቱን እናስላ። የአውሮፓው ፓሌት ወርዱ 80፣ ቁመቱ 120 ሳንቲም ነው። ክብደቱ ወደ 25 ኪሎ ስለሚሆን ብቻሽን እንዳታነሺ። 15ቱን በቁመታቸው ብታቆሟቸው 12 ሜትር ይሸፍናሉ። ከሌላ አገር የመጣው ግን ልኩ ይለያያል፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከወገብ ከፍ ያለ አጥር ነው የሚወጣችሁ። ለጓሮ ይበቃል። ለውጭ አጥር ግን አልመክርሽም፤ ለሌባ መሰላል ሠራችሁለት ማለት ነው። ፍየሏም ብትሆን ፍየል ናት፤ ከላይ አንድ ሁለት መስመር ሽቦ ጨምሩ።

ለበሩና ለአትክልት መደቡ ሁለት ሦስት ፓሌት መፍታት ግድ ነው። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአንድ የአውሮፓ ፓሌት ላይ 78 ምስማር አለ። ቀጥ ያለ ምስማር እንዳይመስልሽ፤ ገላው ጥርስ ያለው ወይም የተጠመዘዘ ነው፤ እንዳይነቀል ተብሎ የተሠራ። በመዶሻ ጥፍር ስትጎትቺው ምስማሩ ይቀራል፣ ጣውላው ይሰነጠቃል። እኔ ከስንት ጣውላ በኋላ የደረስሁበት ዘዴ ይኸውልሽ። ጫፉ የተቀጠቀጠ ፌሮ በጣውላውና ጣውላው በተመታበት ወፍራም ጉማጅ መሀል አስገብታችሁ ትንሽ ከፈት አድርጉት። በዚያ ክፍተት ሴጌቶ፣ የብረት መጋዙን ማለቴ ነው፣ አስገቡና ምስማሩን ቁረጡት። ጣውላው ሳይጎዳ ይወጣል። የምስማሩ ራስ እዚያው ይቀራል፤ ይቅር፣ ዝገቱ እንኳን ያምራል።

ከወጣው ጣውላ ሁሉ ላይ የቀረውን ምስማር ወዲያው እጠፉት። ትንሿን ግቢ ውስጥ አታስገቡ። ግራ እግርሽ ውስጥ ያለችው ጠባሳ ከየት እንደመጣች አንቺ አታስታውሺም፤ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ምስማሩን ወደ ላይ አድርጌ የተውሁት እኔ ነኝ። በነጠላ ጫማ ሮጠሽ ወጣሽበት። ጣውላው እግርሽ ላይ እንደተሰካ ነበር ተሸክሜሽ ጤና ጣቢያ የሮጥሁት። ነርሷ የቴታነስ መርፌ ስትወጋሽ አላለቀስሽም። እኔ ነኝ ውጭ ወጥቼ ያለቀስሁት። ለእናትሽ ያን ቀን የነገርኋት ሌላ ነው፤ «ሰው የጣለው ምስማር ነው» ብያታለሁ። አሁን ብትነግሪያትም ግድ የለም።

አራት ፓሌት ከተረፋችሁ በካሬ አቁማችሁ ማዕዘኑን በሽቦ እሰሩ፤ የኮምፖስት ቤት ይሆናል። በክፍተቱ አየር ስለሚገባ ቶሎ ይበስላል። የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ቅጠል ጣሉበት። ሥጋና አጥንት ግን አይሆንም፤ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ትጠሪያለሽ። አንዱን ፓሌት ደግሞ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ከኋላው ማዳበሪያ ከረጢት ምቱበት፤ አፈር ሙሉትና በሶብላና ጤና አዳም ትከሉ። እናትሽ ከዚህ የጤና አዳም ቅንጣቢ ትልክልሻለች።

ቅዳሜ ባለቤትሽ ጉድጓዱን ብቻ ይቆፍር። ምስማር እንዳይነካ ንገሪው። እኔ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ሴጌቶው አለኝ፣ አዲስ ምላጭ ገዝቼለታለሁ። ፌሮውንም በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ፤ ረዳቱ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ትርፍ እንዳያስከፍለኝ እንጂ። አንቺ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አዘጋጂ፣ ለእሱም ለራስሽም።

አባትሽ