ስለ ቢጫው ድምፅ ለአባቴ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ያነሡልኝን ጉዳይ በጥድፊያ ከምመልስልዎ ተረጋግቼ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ። በፖስታ የደረስዎ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት፣ ሰፈርዎን ወክላ በስቴቱ ሴኔት የተቀመጠችው ሴት በከባድ ጉዳዮች ላይ ድጋፍም ተቃውሞም ሳትሰጥ ብዙ ጊዜ አልፋለች ይላል። እርስዎም «ድምፅ ስጪልን ብለን የላክናት ሰው ድምፅ ካልሰጠች ለምን ደግመን እንልካታለን?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወረቀቱን ያሳተሙት ሰዎችም ልክ ይህን እንዲጠይቁ ፈልገው ነው የላኩልዎ። በዚሁ በኢሊኖይ፣ በዚሁ ክስ የተከሰሰ፣ ፎቶግራፉን ሳሎንዎ ውስጥ የሰቀሉት አንድ ሰው ስላለ፣ ነገሩን በእርሱ መዝገብ ላስረዳዎ።

ባራክ ኦባማ ከ1997 ጥር እስከ 2004 ኅዳር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የቺካጎን ደቡባዊ ክፍል ወክሎ በኢሊኖይ ዋና ከተማ በስፕሪንግፊልድ የስቴት ሴናተር ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከሰጣቸው አራት ሺህ ገደማ ድምፆች ውስጥ አንድ መቶ ሠላሳ ያህሉ ድጋፍም ተቃውሞም አልነበሩም፤ «ተገኝቻለሁ» የሚሉ ነበሩ። በ2008 ጥር ሳውዝ ካሮላይና ላይ በተደረገው የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክር ተፎካካሪው ሂላሪ ክሊንተን ይህንኑ ቁጥር አንሥታ በብርቱ ወቀሰችው፤ እርሱም ቁጥሩ ከአራት ሺህ ድምፅ መካከል መሆኑን አስታውሶ መለሰላት። ሁለቱም ያሉት እውነት ነበር፤ ተመልካቹ ግን ከሁለቱም የረባ ነገር አላገኘም፤ ምክንያቱም ስንት ጊዜ ከሚለው ይልቅ በየትኛው ረቂቅ ላይ የሚለው ነበር መጠየቅ የነበረበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በኢሊኖይ ሴኔት ሃምሳ ዘጠኝ አባላት አሉ፤ ድምፅ ሲሰጡ ከሚጫኗቸው ቁልፎች አረንጓዴው ድጋፍ፣ ቀዩ ተቃውሞ፣ ቢጫው «ተገኝቻለሁ» ነው። አንድ ረቂቅ በመደበኛው ሥርዓት ለማለፍ በአዳራሹ የተገኙት ስንትም ይሁኑ ሠላሳ የድጋፍ ድምፅ ያስፈልገዋል። ከአገር ቤት ዜና በሚያውቁት ድምፀ ተአቅቦ መስለው እንዳይመለከቱት የምለው ለዚህ ነው፤ እዚህ ቢጫውን የተጫነ ሰው ረቂቁን ከሚፈልጋቸው ሠላሳ ድምፆች አንዱን ነፍጎታል፤ በሒሳቡ ከቀዩ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በስሙ ትይዩ የሚጻፈው ላይ ነው፤ ተቃዋሚ ተብሎ አይመዘገብም። እንግዲህ ጥያቄው ይህን ሽፋን ለምን ፈለገው የሚል ይሆናል፤ መልሱም ከረቂቅ ረቂቅ ይለያያል።

ጽንስ ማቋረጥን ለመገደብ በቀረቡት ረቂቆች ላይ ኦባማ የሰጣቸውን ቢጫ ድምፆች ይመልከቱ። ለጽንስ ማቋረጥ መብት የሚሟገተው የፕላንድ ፓረንትሁድ ድርጅት የኢሊኖይ ቅርንጫፍ፣ ወግ አጥባቂ መራጮች ካሉባቸው ወረዳዎች የመጡት አባላት ብቻቸውን እንዳይጋለጡ፣ ሌሎቹ ደጋፊዎቹም አብረው ቢጫውን እንዲጫኑ ራሱ ጠይቆ ነበር፤ ይህንንም በኋላ በይፋ ተናግሯል። እርስዎ በዚህ ጉዳይ ያለዎት አቋም ከኦባማ እንደሚለይ አውቃለሁ፤ ሊነቅፉትም ይችላሉ። ነገር ግን ሴቶች ጽንስ ስለማቋረጥ ራሳቸው የመወሰን መብት እንዲኖራቸው ደጋፊ መሆኑን በየአደባባዩ የሚናገር ሰው ስለነበረ፣ ቢጫው የእርሱን አቋም ከማንም አልደበቀም። የሚነቅፉት ስላመነበት ነገር ይሁን እንጂ አቋም ስላልነበረው አይሁን።

በ1999 የሆነው ግን ሌላ ነው። በትምህርት ቤት ወይም በአቅራቢያው መሣሪያ የተኮሱ ታዳጊዎች እንደ አዋቂ እንዲዳኙ የሚያዝዝ ረቂቅ ቀረበ። ኦባማ ቅጣት ማክበድ የታዳጊዎችን ወንጀል እንደሚቀንስ ማስረጃ የለም ሲል ተናገረ፤ ረቂቁ ሰፊ ድጋፍ እንዳለውም አመነ፤ ከዚያም ቢጫውን ተጫነ። ይህን ልከላከልለት አልችልም። ማስረጃ የለውም ብሎ ካመነ ቀዩ ከፊቱ ነበረ፤ ረቂቁ ደግሞ ያለ እርሱም የሚያልፍ ስለነበረ ቀዩን ቢጫን ከራሱ ስም በቀር የሚጎዳው ነገር አልነበረም። እኔ በበኩሌ ፍርሃት የማየው እንዲህ ባለው ድምፅ ነው።

ከቢጫው ይልቅ ዋጋ ያስከፈለው ግን ጨርሶ ያልሰጠው ድምፅ ነው። በ1999 ማብቂያ ላይ አገረ ገዢው ጆርጅ ራያን የጦር መሣሪያ ወንጀልን የሚመለከት ሕግ እንዲጸድቅ ምክር ቤቱን በገናና በአዲስ ዓመት መካከል ጠርቶ አስቀመጠው። ኦባማ በዚያን ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ሃዋይ ነበር፤ ሕፃን ልጁ ታመመችበትና ሳይመለስ ቀረ፤ ረቂቁም በጥቂት ድምፅ ጉድለት ወደቀ። በቺካጎ ጋዜጦች ተወገዘ። ያኔ ደግሞ ለፌዴራሉ ምክር ቤት መቀመጫ፣ ወንበሩን ከያዘው ከቦቢ ረሽ ጋር እየተወዳደረ ነበር፤ የረሽ ልጅ በዚያው መኸር በጥይት ተገድሎ ስለነበር መራጩ ጉዳዩን በቀላሉ የሚያልፈው አልነበረም። በ2000 መጋቢት በተደረገው የፓርቲው ማጣሪያ ረሽ ከእጥፍ በላይ በሆነ ድምፅ አሸነፈው። አባት የታመመች ልጁን ትቶ አለመምጣቱን እኔም ልጆች ያሉኝ ስለሆንሁ አልፈርድበትም፤ መራጩ ግን ፈረደ፤ መብቱም ነው።

አሁን ደግሞ የድምፅ መዝገብ ጨርሶ ወደማያሳየው ነገር ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ይህን ነው። በኢሊኖይ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ንጹሕነታቸው ተረጋግጦ የተለቀቁት ሰዎች አሥራ ሦስት በመድረሳቸው ራያን በ2000 የሞት ቅጣትን አግዶ ነበር። ከእነዚህ ስሕተቶች አንዳንዶቹ የመነጩት ፖሊስ በዝግ ክፍል በኃይል ካወጣው የእምነት ቃል ነው። ኦባማ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ጣቢያ ሲመረመር ምርመራው እንዲቀረጽ የሚያስገድድ ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ ተቃወሙ። እርሱም ከእነርሱ ጋር እየተቀመጠ፣ የሚያሰጋቸውን እየሰማ፣ አንቀጾቹን እያስተካከለ በመጨረሻ በ2003 ሴኔቱ አንድም ተቃዋሚ ሳይኖር አሳለፈው፤ እንዲህ ያለ ሕግ በምክር ቤት በማውጣት ኢሊኖይ የመጀመሪያው ስቴት ሆነ። የዚያን ቀን መዝገብ ቢያነቡ ግን የሚያገኙት አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ረቂቁን የተሸከመውና ጽሑፉን እንኳ ያላነበበው ሴናተር እኩል ተመዝግበዋል።

እስከ 2002 ድረስ ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ስለነበር የዴሞክራቶች ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ ለድምፅ ሳይደርስ በኮሚቴ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ያልተሰጠበት ድምፅ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም። በ2003 የእርሱ ፓርቲ ብልጫውን ሲይዝና ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ኦባማ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ ሕግ ሆነው የወጡት ረቂቆቹም በአንድ ጊዜ በዙ። ሰውየው በአንድ ክረምት ጎበዝ አልሆነም፤ በሩን የሚከፍተው እጅ ተለወጠ እንጂ።

ወደ እርስዎ ሴናተር ስመለስ፣ ምረጧት ወይም ተዉአት አልልዎም፤ ያ የእርስዎ ፈንታ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መራጮችን ልታነጋግር ስትመጣ ግን ስንት ጊዜ ቢጫ ተጫንሽ ብለው አይጠይቋት፤ የተዘጋጀ መልስ ይዛ ነው የምትመጣው። ቢጫውን የተጫነችባቸው ረቂቆች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከእርሷ ጋር የተጫኑት ብዙ ወይስ ጥቂት እንደነበሩ ይጠይቋት፤ ብቻዋን ከነበረች ምክንያቱን ከአፏ ይስሙት። ደግሞም በስሟ ካቀረበቻቸው ረቂቆች ሕግ የሆነው የትኛው እንደሆነ፣ በኮሚቴ የቀረውስ ማን አስቀርቶባት እንደሆነ ትንገርዎ። በቤት ኪራይና በመድኃኒት ዋጋ ላይ የሚያስጨንቅዎትንም አብረው ያንሡባት፤ ወረቀቱ ስለ እነዚህ አንድ ቃል አልጻፈም።

የረቂቆቹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ካለ ታናሽ እኅቴ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ እያንዳንዱን በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ፈልጌ ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በአማርኛ ጽፌ፣ ከስብሰባው በፊት እንዲደርስዎ አደርጋለሁ። ቁጥሩ ከሌለበት ግን ለወረቀቱ እንደ ወሬ ያህል ብቻ ቦታ ይስጡት።

አክባሪ ልጅዎ