እማዬ፣ ቤቱ አልተሸጠም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
የካቲት 2017

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አክስቴ «ቤቷን ሸጣ ገንዘቡን ደብቃለች» ማለቷን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እማዬ፣ ቤቱ አልተሸጠም።

ገዢ ተገኝቶ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ተከራዮች አሉ፤ ውላቸው የሚያልቀው ግንቦት 23 ነው። እዚህ ቤት ተሸጠ ተብሎ የኪራይ ውል አይፈርስም፤ አዲሱ ባለቤት ከነተከራዮቹ ይረከባል። ገዢው ደግሞ ከባንክ የሚበደረው «ራሴ እኖርበታለሁ» ብሎ ነው። እንዲህ ያለው ብድር ርካሽ ነው፤ መንግሥት ዋስ የሚሆንለት ከሆነ የዋጋውን 3.5 በመቶ ብቻ አስቀድሞ መክፈል ሊበቃ ይችላል። በምትኩ በ60 ቀን ውስጥ ገብቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊኖርበት ይፈርማል። ሰው ባለበት ቤት የት ይግባ? ለማከራየት የሚገዛ ይህ ግዴታ የለበትም፤ ግን ባንኩ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ቅድሚያ ስለሚጠይቀው፣ ወለዱም ስለሚከብደው ዋጋ ይሰብራል። አንዱ መጥቶልኝ ነበር፤ የጠራውን ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

የመጀመሪያው ገዢ «እገባለሁ ብዬ ልፈርም፣ ተከራዮቹም ይቆዩ» አለኝ። እምቢ አልኩት። በብድር ማመልከቻ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 30 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ተከራዮቹ ገንዘብ ተቀብለው እንዲለቁ ጠየቅኋቸው፤ ሚስትየው ልጆቹ ትምህርት ሳይጨርሱ እንዳይነሱ ለመነችኝ። ፒያሳ ተከራይተን ሳለ አከራያችን ዕቃችንን ዝናብ ላይ ያወጣችበትን ቀን ረሳሽው? ፍራሹ ስንት ቀን ነበር ያልደረቀው! ታዲያ እኔ ያንን ላድርግ?

የምኖረው ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነው። ቤቱ ይሞቃል፤ መስኮቱ ብቻ ከመሬት እኩል ስለሆነ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው የማየው። አታስቢ። አንዳንድ ማታ ግን የሐዋሳው የአሞራ ገደል ዓሣ ሽታ ይመጣብኛል፤ አባዬ ዓሣ ሲገዛ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንደ ዕድር ሽማግሌዎች ዙሪያውን ቆመው የሚጠብቁት። እዚህ ዓሣ በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚሸጠው፤ ጭንቅላት የለው፣ ምን የለው።

የአባዬን ዓይን ለምን ታዘገዩታላችሁ? ሐኪሙ ሞራው ይነሣል ካለ ከሠርጉ በፊት ይነሣ። ትናንት የላክሁት 120 ሺህ ብር መጀመሪያ ለእሱ ነው። ልጁን ሲድር በደንብ ያያት። የተረፈው ለእህቴ ይሁን። ለዳግማይ ትንሣኤ የቤቱ ገንዘብ አይደርስም፤ አዳራሹ ይቅር፣ ግቢያችን ድንኳን ይበቃዋል። ደግሞ የቀሚሷን ጥልፍ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ ቀለሙን እኔ ሳላይ እንዳትጨርሰው። ፈቃድ ስለማላገኝ አልመጣም፤ ይህን ለእሷ አንቺ ንገሪልኝ፣ እኔ ደውዬ መናገር አልቻልኩም።

ደብዳቤውን ለአክስቴ አንብቡላት። ካላመነች የኪራይ ውሉን እልክላታለሁ፤ እንግሊዝኛውን የሚያነብላት ሰው ራሷ ትፈልግ።

ልጅሽ