እማዬ፣ የጉልበትሽን ሕመም አትደብቂኝ

ውድ እናቴ፣

ናሆም የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣራ ላይ መወርወር አለብኝ አለ። እኛ ያለነው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ለአያቴ ጣራ ላኪልኝ» ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠው።

ሰናይት ሁሉንም ነግራኛለች። መስገድ እንዳቃተሽ፣ ደረጃውንም እየተቀመጥሽ እንደምትወርጂ። ያንን ጉልበት የጨረስሽው እኛን ለማስተማር ሸክም ተሸክመሽ ነው፤ አልረሳሁትም። የሕመም ማስታገሻውን ኪኒን፣ ዲክሎፌናኩን ግን በየቀኑ እንደምትውጪ ስሰማ ደነገጥኩ። ጨጓራሽ እንዲያ እያለ! ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ለኩላሊትም ለልብም አደጋ ነው።

እዚሁ ቤጂንግ፣ የቺንግሁዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2019 ያወጡትን ሥራ ሳነብ ተልባሽ ትዝ አለኝ። አንድ የውሃ ተክል አለ፤ ፍሬውን እንደ ራሰ ተልባ የሚያሟልጭ ነገር ይሸፍነዋል። ከሱ ተምረው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሠሩ። ቅንጣቶቹ ቀዳዳ ቀዳዳ ናቸው፤ ውስጣቸው ያንኑ ዲክሎፌናክ ይይዛል። ላያቸው ላይ ፖሊመር፣ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል፣ እንደ ፀጉር በቅሏል። ፖሊመሩ ውሃ ይስባል፤ ቢጫኑትም ውሃውን አይለቅም። ቅባት የሚሆነው እሱ ውሃ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ በመርፌ ሲገባ ፍትጊያውን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱንም እዚያው ቀስ እያለ ይለቃል። እንደ ኪኒን በጨጓራ በኩል አያልፍም።

ደጋግሜ አነበብኩት። ግን የሞከሩት በአይጥ ጉልበት ነው፣ እማዬ። ላንቺ ይደርሳል ብዬ መጻፍ አቃተኝ።

የአባዬን መርዶ ሦስት ሳምንት ደበቃችሁኝ። ፈተናዬ እስኪያልቅ። ስደውል «ተኝቷል» ትይኝ ነበር። እኔም «ሲነሳ ሰላም በይልኝ» እያልኩ እዘጋለሁ። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አፈር ሳልጥልበት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስትዪኝ ልቤ አያርፍም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ድምፅሽን መልሼ መላልሼ አስበዋለሁ።

ሐሙስ ሰናይት ሐኪም ቤት ትወስድሻለች፤ ብሩን ልኬላታለሁ። የምትውጪውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ ለሐኪሙ አሳዪው። የኩላሊት ምርመራም ይጨመር በይ። ፋርማሲ ሄደሽ ሌላ እንዳትገዢ፣ አደራ።

ማታ እደውላለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ዋለ ስልሽ፣ ካመመሽ አመመኝ በይኝ።

ልጅሽ